የውሻችሁ ከባድ ሕመም በተነገራችሁ ማግስት

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። የዛሬውን ክፍል ያዘጋጀሁት ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ መጥቶ፣ አንድ ከባድ የበሽታ ስም ጠርቶ፣ ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ለወጣበት ሰው። ይሄ አያሳፍርም፤ የደነገጠ ሰው ይሰማል እንጂ አይዝም። በማግስቱ ደውሉና የውጤቶቹን ቅጂ ጠይቁ፤ የደሙን፣ የሽንቱን፣ የኤክስሬዩን፣ የአልትራሳውንዱን። ከዚያ ለወሬ ብቻ የሚሆን አጭር ቀጠሮ ያዙ። ውሻውን ቤት ትታችሁ፣ ረጋ ያለ ሰው አስከትላችሁ ሂዱ፤ ድምፅ ለመቅዳትም ፈቃድ ጠይቁ። ውሻው እግራችሁ ሥር እየተንቀጠቀጠ ስለ በሽታው ብታወሩ ዓይናችሁም ሐሳባችሁም እሱ ላይ ነው የሚሆነው።

ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ቀረው?» ነው። እኔ ይሄን ጥያቄ ወደ ኋላ ባቆየው እመርጣለሁ። ምክንያቱም መልስ ሆኖ የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ አጋማሽ ነው፤ ግማሾቹ ውሾች ከዚያ በፊት ያልፋሉ፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ሊምፎማ የሚባለውን የነጭ የደም ሕዋስ ካንሰር ውሰዱ። የተለያዩ መድኃኒቶች በሚፈራረቁበት ኬሞቴራፒ ከታከሙት ውሾች አብዛኞቹ በሽታቸው ለጊዜው ይጠፋል፤ አጋማሹ ዕድሜም አንድ ዓመት ገደማ ነው። ስቴሮይድ በሚባለው እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ብቻ ከሆነ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ወር። የእናንተ ውሻ የትኛው ግማሽ ውስጥ እንዳለ ቁጥሩ አይነግራችሁም። ስለዚህ ቀድማችሁ ይሄን ጠይቁ፦ በሽታው ምን ያህል ተረጋግጧል? የቀረው ምርመራ ሕክምናውን ይለውጣል ወይስ ስሙን ብቻ ነው የሚያጠራው? ምንም ባናደርግ ምን ይከተላል? ሲብስበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምናየው ምንድን ነው? እሑድ ሌሊት ቢሆንብን ወዴት እንሂድ?

ስለ «ተረጋግጧል» ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። ጣፊያ ላይ በአልትራሳውንድ የታየ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ በምስል ብቻ ክፉውን ከደጉ መለየት አይቻልም፣ ቁርጡ የሚታወቀው ሥጋው በላቦራቶሪ ሲታይ ነው። ሌላው ወጥመድ ስቴሮይድ ነው። ሊምፎማ ተጠርጥሮ ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ቢጀመርለት፣ አንገቱ ሥርና ጉልበቱ ኋላ ያበጡት ዕጢዎች በቀናት ውስጥ ይሟሽሻሉ፣ ውሻውም ይነቃቃል፣ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ግን ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ላያሳይ ይችላል፤ ካንሰሩም ለኬሞቴራፒው ሊደነድን ይችላል። ኬሞ የመሞከር ሐሳብ ካላችሁ ስቴሮይዱ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ። ከሌላ እንስሳ የተረፈውን ክኒን «ለጊዜው» ብሎ መስጠትም ያው ነው።

«እንዴት ቀድሜ አላየሁም?» የሚለው ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ ነው። የኩላሊትን ነገር ስሙ። በደም የሚለካው ክሬቲኒን፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ከልኩ በላይ መውጣት የሚጀምረው ከኩላሊቱ ሥራ ሦስት አራተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ውሻው ይበላል፣ ይሮጣል፣ በር ላይ ይቀበላችኋል። የጣፊያ እብጠትም እስኪደማ ድረስ ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ከውሻችሁ ጋር ስለኖራችሁ ብቻ ማየት የነበረባችሁ ነገር አይደለም፤ መሣሪያውም አላየውም ነበር።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። እኔ የማምንበት ነገር ይሄ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ ውሻው ላይ አፍጥጦ ማደር እናንተንም እሱንም ያደክማል። ምን እንደሚቆጠር ካወቃችሁ ግን ቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ትተኛላችሁ።

ልብ ከሆነ የሚቆጠረው ትንፋሽ ነው። ውሻው እንቅልፍ ሲወስደው ደረቱን እዩ፤ አንድ ከፍ ማለትና አንድ ዝቅ ማለት አብረው አንድ ትንፋሽ ናቸው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ ቆጥረው 44 አገኘን ብለው ይበራሉ፣ እውነተኛው 22 ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። በሕልሙ እግሩን ሲያንፈራግጥ፣ ከሩጫ እንደተመለሰ፣ ወይም በሙቀት ሲያለከልክ አትቁጠሩ። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። ካለፈ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ድገሙት፤ አሁንም ካለፈ ለሐኪሙ ደውሉ። ከ40 በላይ ከሆነና ሆዱ አብሮ እየተሳበ ከሆነ፣ ወይም አንገቱን ዘርግቶ መተኛት ካቃተው፣ ስልኩን መንገድ ላይ ሆናችሁ ትደውላላችሁ፣ ተነሱ። ይህ ቁጥር ሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠሩን ሳል ሳይጀምር በፊት ይጠቁማል። ስለ ልብ ካነሳን አይቀር፣ ኤፒክ የተባለው በ2016 የታተመ ጥናት የልብ ቫልቫቸው ያረጀና ልባቸው የሰፋ፣ ግን ገና ምልክት ያላሳዩ ውሾች ፒሞቤንዳን የተባለው የልብ መድኃኒት ሲሰጣቸው የልብ ድካሙ በአጋማሽ 15 ወር ያህል እንደዘገየ አሳይቷል። «ገና ምልክት የለውም» ማለት «ገና መድኃኒት አያስፈልገውም» ማለት አይደለም ለማለት ነው።

ኩላሊት ከሆነ ውሃ ለኩ። ጠዋት በመለኪያ ሞልታችሁ አስቀምጡ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ቀንሱ፣ ልዩነቱን ለክብደቱ አካፍሉት። ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ 100 ካለፈ ብዙ ነው። ባለ 20 ኪሎ ውሻ ሁለት ሊትር ከጨረሰ ማለት ነው። ሌላ እንስሳ ከዚያው ሳህን የሚጠጣ ከሆነ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ደግሞ አደራ፣ ሽንቱ በዛ ብላችሁ ውሃ አትከልክሉት፤ ኩላሊቱ መያዝ ስላቃተው እንጂ ጠጥቶ ስላበዛ አይደለም የሚሸናው፤ ውሃውን ብታነሱበት በአንድ ቀን ይደርቃል። ፉሮሰማይድ የተባለውን የሚያሸና መድኃኒት ወይም ስቴሮይድ ለሚወስድም እንደዚሁ ነው።

ክብደት ለሁሉም ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይበላ፣ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ የራሳችሁን ቀንሱ። ቁጥሩን ብቻ ግን አትመኑ። ሆዱ ውሃ እየቋጠረ ጀርባና ጭኑ ሊከሳ ይችላልና በእጃችሁ አከርካሪውን ዳብሱ።

ድድም አለ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ በጣት ጫኑት፤ ይነጣል፣ ስትለቁት ከ2 ሰከንድ በታች ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ጤነኛ በሆነበት ቀን ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በጭንቀት ሰዓት ሁሉም የነጣ ይመስላል። የጣፊያ እብጠት ያለበት ውሻ በድንገት ተልፈስፍሶ ድዱ ከነጣ ውስጥ ውስጡን እየደማ ሊሆን ይችላል፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

መድኃኒቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ክኒኑን ዋናው ምግቡ ውስጥ አትደብቁ። አንዴ ምሬቱ ከደረሰበት ሳህኑን መጠራጠር ይጀምራል፣ የታመመ ውሻ ደግሞ ምግብ መጥላቱ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ከሚወደው ነገር ሦስት ትንንሽ ጉርሻ አዘጋጁ፦ የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ክኒን ያለበት፣ ሦስተኛው ባዶ። ሦስተኛውን አፍንጫው ሥር ይዛችሁ ሁለተኛውን ስጡት፣ ሳያኝክ ይውጠዋል። የኦቾሎኒ ቅቤ ከተጠቀማችሁ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት አንብቡ፤ ለውሻ መርዝ ነው። ሳህኑ ድረስ መጥቶ አሽትቶ ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ለሃጩ ከበዛ፣ አልራበውም አትበሉ፤ ርቦት እያቅለሸለሸው ነው። የምግብ ዓይነት ከመቀያየር በፊት የማቅለሽለሽ መድኃኒት ጠይቁ። ካስታወከ በኋላ ክኒኑን በግምት አትድገሙ፣ ደውሉ።

የሰው ማስታገሻ በጭራሽ አይሰጠውም። ኢቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱንና ደሙን። ለውሻ የተሠራ ማስታገሻም ቢሆን ከስቴሮይድ ጋር አንድ ላይ መሄዱ ጨጓራን ሊበሳ ይችላልና አንዱ ሐኪም ያዘዘውን ለሌላው አሳዩ። ስቴሮይድ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይቆምም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ሲወስድ ይጠማዋል፣ ይርበዋል፣ ያለከልካል፣ ሌሊት ለሽንት ያስነሳችኋል፤ በሽታው የባሰበት መስሏችሁ አትደንግጡ።

ኬሞቴራፒ የሚለውን ቃል ስትሰሙ በሰው ላይ ያያችሁትን አታስቡ። ለውሻ የሚሰጠው መጠን ዝቅ ያለ ነው፤ ዓላማው በሽታውን ይዞ ደህና ቀን መስጠት ነው። ብዙዎቹ አንድ ሁለት ቀን ሆዳቸው ይታወክና ይመለሳሉ። ነጭ የደም ሕዋሱ ዝቅ የሚለው መድኃኒቱን በወሰደ በሳምንቱ ገደማ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት በፊንጢጣ የሚለካ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። የውሻ ሙቀት ከእኛ ከፍ ያለ ነው፣ እስከ 39.2 ዲግሪ ልኩ ነው፤ 39.5 ከደረሰና ከደከመው ግን በዚያው ቀን ይታይ።

አሁን የሚከብደው። «እዚህ ላይ ይበቃዋል» የምትሉበትን ገደብ አሁኑኑ፣ ውሻው ደህና ሳለ፣ ጻፉት። ቀኑ ሲደርስ በደንብ እናስባለን የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ያን ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው የሚያስበው። አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉት አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ያወጡት መመዘኛ አለ፦ ሕመም፣ ረሃብ፣ የሰውነት ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ ከክፉ ቀን የሚበልጥ ደግ ቀን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፣ 10 ደህና ማለት ነው፣ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮው ይሁን የሚባል ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ድምሩ ብቻውን ያታልላል። ትንፋሽ የሚቆጠረው ሕመም በሚለው ውስጥ ነው፤ መተንፈስ ያቃተው ውሻ እናንተን ሲያይ ጭራውን ስለቆላ ደስታ 9 አግኝቶ ድምሩ ሊያልፍ ይችላል። ለእኔ ሕመም ብቻውን ከ5 ከወረደና መድኃኒት ካልመለሰው ሌላው አይደመርም። ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ይስጠው። የቤቱ ሰዎች ካልተስማሙ ሁለት ሰው ለየብቻ ይጻፍና ይተያይ፤ ክርክሩ ውሻውን ማን ይወዳል ከሚለው ወጥቶ ስለ አንድ ቁጥር ይሆናል።

በመርፌ ማሳረፍ ላይ ከተደረሰ፣ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ይወጋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያንቀላፋል። ከዚያ እግሩ ላይ ባለው ደም ሥር በብዛት የሚሰጠው ማደንዘዣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፔንቶባርቢታል፣ በሰከንዶች ራሱን እንዲስት ያደርገዋል፤ ልቡም በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ዓይኑ አይከደንም። ልቡ ቆሞም አንድ ሁለት ጊዜ አየር የሳበ ሊመስል፣ ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ፣ ሽንቱ ሊያመልጠው ይችላል፤ ይሄን ያልተነገረው ሰው ውሻዬ ተሰቃየ ብሎ ዓመታት ይጸጸታል። ክፍያውን፣ ሬሳው የት እንደሚያርፍ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ልጆች ካሉ «ተኛ» አትበሏቸው፣ መተኛት ይፈራሉ፤ ሞተ በሏቸው።

የተረፈውን መድኃኒት ለክሊኒኩ መልሱ፣ ለሌላ ውሻ አታቆዩት። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ የምግብና የመውጫ ሰዓቱን አትለውጡበት። ጥቂት ቀን ሊፈልገው፣ ምግብ ሊቀንስ ይችላል። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ ግን ሐዘን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።