«ታረቅን» ከማለታችሁ በፊት
(ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬ ጉዳያችን ተለያይተው የሚታረቁ፣ ታርቀው የሚለያዩ ፍቅረኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ጥንድ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለንም። የኛ ግቢ ጉድ ብቻም አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ቶሌዶ አካባቢ ባደጉ ወጣቶች ላይ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ፍቅረኛ ከነበራቸው መካከል 44 በመቶ ያህሉ ከተለያዩት ሰው ጋር ተመልሰዋል።

አካሄዱ ይታወቃል። መጀመሪያ ብሎክ ይደረጋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ብሎኩ ይነሳል፤ ለመጻፍ ሳይሆን ስቶሪ ለማየት ነው። ከዚያ በዓል ወይም ልደት ይመጣና «እንኳን አደረሰሽ» ይላካል። ማታ ነው፣ ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው፣ እስከ ሌሊት ይወራል። በማግስቱ ተገናኝተው «በቃ ያለፈው አለፈ» ይባባላሉ። የተጣሉበትን ነገር ያነሳ የለም፤ ደስታው እንዳይበላሽ ይፈራል። ጥቂት ሳምንት ጥሩ ይሆናል፤ ከዚያ ያው ጠብ፣ በያው ቃል። የታረቀው ናፍቆቱ ነው፤ ምክንያቱን ማንም አልነካውም።

ጓደኞች እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት ያጠፋሉ። የአገር ሽማግሌ ሲያስታርቅ የሁለቱንም ቃል ይሰማል፣ ጥፋተኛውን ይለያል፣ ካሣ ያስክሳል፣ ዋስ ይጠራል። እናንተ ግን ጁስ ቤት ትጠሯቸውና «ተቃቀፉ» ትላላችሁ። ከሽምግልናው የቀራችሁ ምርቃቱ ብቻ ነው።

መመለስ የምትፈልጉ ካላችሁ የምንመክረው ይህን ነው። ለሦስት ሳምንት አትገናኙ፤ የቡድን ሥራ ካለ በቡድኑ ግሩፕ ብቻ ተጻጻፉ። ሦስት ቀን አይበቃም፤ በሦስት ቀን የሚበርደው ንዴቱ ብቻ ነው፣ ናፍቆቱ ገና እየጀመረ ነው። ጃኬት፣ ቻርጀር፣ የተበደራችሁት ገንዘብ፣ ሁሉም በአንድ ቀን በሦስተኛ ሰው እጅ ይመለስ። ቀስ እያለ የሚመለስ ዕቃ የመገናኛ ሰበብ ይሆናል። የምትጋሩትን ፓስወርድም በዚያው ቀን ቀይሩ።

ከዚያ በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። መጠጥ ባለበት አይሁን። ሁለታችሁም አስቀድማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ፦ ባለፈው ለምን ተለያየን? እኔ ምን አደርጋለሁ? «እለወጣለሁ» አይቆጠርም። «ስልክሽን አልፈትሽም» ይቆጠራል፤ መደረግ አለመደረጉ ይታያልና። የጻፋችሁት ምክንያት ከተለያየ በዚያ ቀን አትታረቁ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ቢቆሙም አንከፋም። ከተስማማችሁ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት።

አሁን የሚያሳፍረውን እንናገር። በመለያየቱ መሃል ከሌላ ሰው ጋር የነበረ ሁሉ ሳይመረመር አይመለስ። የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 3 ወር ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ አንዴ ተመርምራችሁ 3 ወር ሲሞላ ድገሙት፣ እስከዚያ ኮንዶም ነው። የዕርቅ ማታ ብዙ ጊዜ ያልታሰበበት ማታ ነው። ፖስት ፒል የሚባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በዘገየ ቁጥር የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል።

እስካሁን ያልነው ግን መመታት ወይም ማስፈራራት ባለበት አይሠራም። እዚያ ወረቀት መጻፍ የለም፣ ሦስት ሳምንትም የለም፤ መመለስ የለም። የቶሌዶው ወጣቶች ላይም እየተለያዩ በሚመለሱት ዘንድ ዱላና ስድብ በዝቶ ተገኝቷል። «ፎቶሽን እለቅቀዋለሁ» የሚል ካለ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ዛቻ ወንጀል አድርጎታል። በንዴት መልእክቱን እንዳታጠፉ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የላኪው ስም እንዲታይ ስክሪንሾት አንሱ፤ ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ብሎክ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለነገ አታሳድሩት፤ ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል።