የአርባ ቀን ዕድልና የማር ጠርሙስ

እሷ፦ እንኳን ደህና ቆያችሁ። ዛሬ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ንግድ ስለሚያስቡ ልጆች ሥነ ልቦና ነው። ነጋዴ ማለት ደፋር ነው ይባላል፤ አንተስ?

እሱ፦ እኔ አልቀበለውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ማክሌላንድ ቀለበት ወርውሮ ችካል ላይ ስለማጥለቅ ጨዋታ ይተርክ ነበር። ከችካሉ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም ወርዋሪው ራሱ ይመርጣል። ለስኬት የሚተጉት አፍንጫው ሥር አልቆሙም፤ ከማይደረስበት ሩቅም አልወረወሩም። መሃል ነው የቆሙት። ጥሩ ነጋዴም እንዲሁ ነው።

እሷ፦ ከቤት የተላከለትን ብር ጠቅልሎ ንግዱ ላይ የሚያፈስ ልጅስ?

እሱ፦ እሱ ከሩቅ ወርዋሪው ነው። ቢጠፋ ምሳውን የማያስቀርበትን ያህል ያውጣ። የጎጃም ማር ከሆነ 10 ጠርሙስ ለሙከራ ይበቃል።

እሷ፦ ችግሩ በማርቆስ ብርድ ማሩ ይረጋል። ደንበኛው «ስኳር ገብቶበታል» ብሎ ይመልሳል።

እሱ፦ ልጁ የሚለየው እዚያ ላይ ነው! ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጁልያን ሮተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ባለ 29 ጥያቄ መጠይቅ የለካው ይህንኑ ነው፤ የሚደርስብኝ ከእጄ ነው ወይስ ከዕድሌ? «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ያለው ይተወዋል። ሌላው ይጠይቃል፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ በተለይ 14 ዲግሪ አካባቢ። ጠርሙሱን ከ40 ዲግሪ በማያልፍ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያቆመዋል። በሚቀጥለው ሽያጭ ደግሞ ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ ይናገራል።

እሷ፦ ሁሉን በራስ ላይ መጫንም ግን ልክ አይደለም። መንገድ ተዘግቶ ማሩ ቢቀር የልጁ ጥፋት ነው?

እሱ፦ አይደለም፣ እህቴ። ለዚህ ነው ደብተር የሚያስፈልገው፤ በአንድ በኩል በእጄ የነበረ፣ በሌላው ያልነበረ። በየሳምንቱ ይጻፍ።

እሷ፦ በራስ መተማመኑስ ከየት ይመጣል?

እሱ፦ በራስ መተማመንን ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልበርት ባንዱራ ከሁሉ የሚበልጠው ራስ ሠርቶ ማየት ነው ይል ነበር። ቀጥሎ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሠራ ማየት። ስለዚህ ከባለ ሚሊዮኑ ንግግር ይልቅ ዶርም ውስጥ ሽሮ የሚሸጠውን የ3ኛ ዓመት ተማሪ ሒሳብ ማየት ይጠቅማል፤ የማሸጊያውን፣ የመኪናውን፣ የተበላሸውን ወጪ ሁሉ ቆጥሮ እንደሆነ።

እሷ፦ መተማመን ሲበዛስ? 10ሩ አለቀ ብሎ 100 የሚያመጣ አለ።

እሱ፦ የመጀመሪያዎቹን እኮ ጓደኛ በይሉኝታ ይገዛል! ማሩን በልቶ ጨርሶ፣ ሳይጠራ ተመልሶ የመጣውን ብቻ ይቁጠር። ከ10ሩ ስንት ተመለሱ? ቀጣዩን ግዢ በዚያ ልክ ያድርገው።