ዳለስ ኤርፖርት አካባቢ ሥራ ያገኘ ሰው የት ይከራይ?

[ካርታ፦ የፖቶማክ ወንዝ፤ በአንድ በኩል ሜሪላንድ፣ በሌላው ቨርጂኒያ]

ከሌላ ስቴት ወደ ዲሲ አካባቢ ለሥራ የሚመጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደውለው ለዘመድ ነው። ዘመድ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ እዚያው ይገባል፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካለ አሌክሳንድሪያ። ሥራው ስንት ማይል እንደሚርቅ የሚታየው ሊዝ (የኪራይ ውል) ከተፈረመ በኋላ ነው። እንጀራና ቤተ ክርስቲያን በሁለቱም በኩል አለ፤ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ወደ ፌርፋክስ የሚያሻግረው ድልድይ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከሥራው እንነሳ። ምሳሌያችን ቨርጂኒያ ያለው ዳለስ ኤርፖርትና ዙሪያው ነው፦ ኤርፖርቱ ውስጥ ራምፕ (አውሮፕላኑ ሥር ጭነት)፣ ዊልቸር ወይም ካተሪንግ የሚሠራ፣ ሬስተንና ሄርንደን ቢሮ የሚገባ፣ አሽበርን ዳታ ሴንተር የተቀጠረ።

[ካርታው ወደ አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ይቀርባል]

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበትን የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከቨርጂኒያው ፌርፋክስ የሚያገናኘው ዲሲን በሚዞረው ሀይዌይ፣ 495 ላይ ያለው አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወንዙን የሚያሻግር ቀጣዩ ድልድይ ሩቅ ያለው ፖይንት ኦፍ ሮክስ ነው። እዚህ አንድ መኪና ከተጋጨ ሌላ መንገድ የላችሁም ማለት ይቻላል። ይህ በጣም የሚጎዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 የሚሠራውን፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከ8 እስከ 5 የሚገባውን ሰው ነው። ሌሊት 10 ሰዓት የሚገባ የኤርፖርት ሠራተኛ ግን ሲሄድ መንገዱ ባዶ ነው፤ ሲመለስም የከሰዓት ትራፊክ ገና አልጀመረም። ስለዚህ ዳለስ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው «ሜሪላንድ አትኑሩ» የሚል ምክር ለሁሉም አይሠራም። መጀመሪያ ሺፍታችሁን እወቁ።

ጉግል ማፕ ላይ ስትፈትሹ ዝም ብላችሁ አድራሻ አታስገቡ። «መድረሻ ሰዓት» የሚለውን ምረጡና ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ አድርጉት። ሰኞና ዓርብ ብዙ ቢሮ ገቢ ከቤቱ ስለሚሠራ መንገዱ ያታልላል። የሚሰጣችሁ ደግሞ የጊዜ ስፋት ነው፤ ለምሳሌ ከ35 እስከ 75 ደቂቃ። በትልቁ ቁጥር አስቡ፤ አሠሪ የሚቆጥረው ያረፈዳችሁበትን ቀን ነውና።

[በስክሪኑ ላይ ሒሳቡ በደረጃ ይጻፋል]

አሁን ኪራይን ከመንገድ ጋር እንደምር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳለስ ወደ 30 ማይል ነው። ደርሶ መልስ 60፣ በወር 21 የሥራ ቀን 1,260 ማይል። አይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) እ.ኤ.አ. ለ2025 የሥራ መኪናን ወጪ በማይል 70 ሳንቲም ተምኖታል። ይህ ነዳጅን ብቻ ሳይሆን ጎማን፣ ጥገናን፣ ኢንሹራንስንና የመኪናውን ማርጀት ይጨምራል። 882 ዶላር ይመጣል። ኤርፖርቱ አጠገብ ስተርሊንግ ሆናችሁ መንገዱ 6 ማይል ቢሆን 176 ዶላር ነው። ልዩነቱ 706። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በወር 400 ዶላር የረከሰ ቤት ያገኘ ሰው ረክሶለት ሳይሆን ተወዶበት ነው።

ቶል (የመንገድ ክፍያ) ደግሞ አለ። ኤርፖርቱ ውስጥ የሚሠራ ዳለስ አክሰስ ሀይዌይን በነፃ ይጠቀማል። ሬስተን ወይም ሄርንደን የሚሠራ ግን አይችልም፤ መንገዱ ወደዚያ መውጫ የለውም። ኤርፖርት ድረስ ሄዶ ዞሮ መመለስም ያስቀጣል። ጎን ለጎን ያለው ዳለስ ቶል ሮድ ከ2023 ጀምሮ ዋናው መክፈያ ላይ 4፣ መውጫው ላይ 2 ዶላር ነው። ደርሶ መልስ 12፣ በወር 252 ዶላር።

መኪና ለሌለው፦ ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ ባቡር መስመር ዳለስና አሽበርን የደረሰው በኖቬምበር 2022 ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን መጥቶ ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀይሮ መሄድ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይወስዳል። ትልቁ ችግር ግን ሰዓቱ ነው። በሥራ ቀን ሜትሮ የሚነሳው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ለሚገባ ሰው ባቡር የለም። አሌክሳንድሪያ ሲባልም ሜትሮ ቅርብ ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ብዙ ሐበሻ ያለበት የሴሚናሪ ሮድ አካባቢ ጣቢያ የለውም። ዳሽ የተባለው የከተማው አውቶቡስ ግን ነፃ ነው።

ባልና ሚስት አንዱ ዳለስ ሌላው ዲሲ የሚሠሩ ከሆነ ሲልቨር ላይን ላይ ያለ ቤት ያስማማል። ሰዓቱ ባቡር የሌለበት ሰው ለሥራው ይቅረብ፣ ሌላው በባቡር ይሂድ።

[የደመወዝ ቅጽ ምስል]

ሜሪላንድ ኖሮ ቨርጂኒያ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ላይ የስቴት ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ነው፤ ስቴቶቹ ተስማምተዋል። አሠሪው ግን ይህን በራሱ አያውቅም። ቪኤ-4 የሚባለው ቅጽ ላይ ነፃ መሆናችሁን ካልሞላችሁ ለቨርጂኒያ ይቆረጣል። ኤፕሪል ሲመጣ የሜሪላንድን፣ ከ3 በመቶ በላይ የሆነውን የካውንቲውን ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ክፈሉ ትባላላችሁ። የቨርጂኒያው ተመላሽ የሚመጣው ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ ነው። ቨርጂኒያ የካውንቲ ገቢ ታክስ የለም፤ በምትኩ በየዓመቱ የመኪና ታክስ አለ። የፌርፋክስ መክፈያ ቀን ኦክቶበር 5 ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ደንግጦ የሚደውለው ያኔ ነው።

ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) የሌለው አዲስ ተከራይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዴፖዚት (መያዣ ገንዘብ) ነው። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ለሚፈረም ሊዝ ጣሪያው በመደበኛው የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ በቨርጂኒያ ሁለት ወር። በሁለቱም ስትለቁ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል ወይም የተቆረጠው በዝርዝር ይላካል። ስትገቡ የእያንዳንዱን ክፍል ቪዲዮ አንሱ፤ የምድጃውን ውስጥና የመታጠቢያውን ሲሊኮን ሳትዘሉ።

ቤዝመንት ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጀምረውም በዚያ ነው። ነገር ግን የመኝታ ክፍሉ ሰው የሚወጣበት መስኮት እንዳለው እዩ፤ እሳት ቢነሳ ደረጃው ብቻ አይበቃም። ኪራዩንም በቃል ብቻ አትስማሙ። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባትም ሆነ መንጃ ፈቃድ ለመቀየር የአድራሻ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አከራዩ ወረቀት አልሰጥም ካለ ለቤተሰብ የሚሆን ቤት አይደለም። ትምህርት ቤቱን ደግሞ በሰፈር ስም አትገምቱ። ድንበሩ መንገድ መሐል ሊያልፍ ስለሚችል የቤት ቁጥሩን በትምህርት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ።

አፓርትመንቱን ቀን ካያችሁ በኋላ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ቀን ባዶ የነበረው ፓርኪንግ ማታ ይሞላል፤ ለአንድ ቤት ስንት ፈቃድ እንደሚሰጥና እንግዳ የት እንደሚያቆም ሳትፈርሙ ጠይቁ፤ ቶው የተደረገ (ተጎትቶ የተወሰደ) መኪና በማግስቱ ሥራ ያስቀራልና።