የህዳር ጭስና የሴፍትሪያክሶን ብልቃጥ

የነርሲንግ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ከሰፈሩ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ህዳር 12 ነው። ስትመጡ በየደጁ ቆሻሻ ሲታጠን አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ጭሱን በልብሳችሁ ይዛችሁ ገብታችኋል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የህዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ግን ከጉንፋኑ በኋላ የተከተለው የሳንባ ምች ነው። ቫይረሱ ባደከመው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ገባበት። ያኔ ፔኒሲሊን እንኳ አልተገኘም። የተገኘው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

እጄ ላይ ያለችውን ብልቃጥ ተመልከቱልኝ። ሴፍትሪያክሶን ናት፤ ባክቴሪያ የምትገድል አንቲባዮቲክ። ውስጧ ነጣ፣ ቢጫ ቢጫ ያለ ዱቄት አለ፤ 1 ግራም። በገበያ ላይ የዋለችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። በ22 ዓመት የነርስነት ሥራዬ ስንቱን እንደበጠበጥኩ ቆጥሬው አላውቅም። በማጅራት ገትር አንገቱ ደርቆ፣ ራሱን ስቶ የመጣ ልጅ በሦስተኛው ቀን «እማዬ፣ ውሃ» ሲል ሰምቻለሁ። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ አልቅሳለች። እኔም አልቅሻለሁ። እንዲህ ያለ በሽታ ሲጠረጠር መድኃኒቱ በሰዓቱ መግባት አለበት። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት፣ ደም መውሰድ ከተቻለ ከመርፌው በፊት ይወሰድ። ካልተቻለ ግን ለዚያ ተብሎ መርፌው አይዘግይ።

መድኃኒቷ ሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ትቆያለች። ስለዚህ ለአብዛኛው ኢንፌክሽን በቀን አንዴ ትበቃለች። ለታማሚም ለነርስም የተመቸች ናት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ምቾቷ ነው የጎዳት። ትኩሳት ሲመጣ እሷ፣ ሆድ ሲቆርጥ እሷ፣ ጉንፋን ሲጠና እሷ ሆነች።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ ፌስታል ይዛ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፌስታሉ ውስጥ ሦስት ብልቃጥና ሦስት ሲሪንጅ አለ። ያለ ማዘዣ ነው የገዛችው። «እህቴ፣ ልጄን ውጊልኝ። ሽሮፑ አልያዘለትም፣ ጠንከር ያለው ይሻለዋል» አለችኝ። የሦስት ዓመት ልጇ ንፍጡን እያዝረከረከ ግቢ ውስጥ ኳስ ያባርራል።

እናቶች፣ ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ሴፍትሪያክሶን በመርፌ የምትሰጠው ብትዋጥ አንጀት ስለማይቀበላት ነው። ከክኒን ስለምትበረታ አይደለም። አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲዋጥ ደህና አድርጎ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ከባድ ምልክት ለሌለው የልጆች የሳንባ ምች የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ለጉንፋን ደግሞ ሁለቱም አይሠሩም፤ ጉንፋን የቫይረስ ነው።

አሁን ደግሞ ተማሪዎች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። አደጋው ያለው መርፌው በሚሰጥበት ሰዓት ዙሪያ ነው።

ሲሪንጁን ሳትከፍቱ ጠይቁ። «ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቆጥቶህ ያውቃል?» በሉ። «አለርጂ አለህ?» ስትሉት ብዙ ሰው «የለብኝም» ይላል፤ ቃሉን ስለማያውቀው ነው። «ፔኒሲሊን ተወግተህ ሰውነትህ አብጦ፣ ሽፍታ ወጥቶብህ፣ ትንፋሽ አጥሮህ ያውቃል?» ብትሉት ግን ያስታውሳል። በፔኒሲሊን ሽፍታ የወጣበት ሁሉ ሴፍትሪያክሶን ይከለከላል ማለት አይደለም። ጉሮሮው ያበጠ፣ ራሱን የሳተ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡና ሐኪሙን ጥሩ።

ቀጥሎ መበጥበጡ ነው። በደም ሥር ከሆነ 1 ግራሟን በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ በጥብጡ። ዱቄቱ ሟሙቶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ ሰዓት እያያችሁ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አስገቡ። ወረፋ በዛ ተብሎ በአንድ ትንፋሽ አይገፋም። በጡንቻ ሲሰጥ ያማል፤ ስለዚህ በሊዶኬይን፣ ማለትም በማደንዘዣ፣ ይበጠበጣል። በሊዶኬይን የተበጠበጠው ግን በጭራሽ ደም ሥር ውስጥ አይገባም። ልብ ያዛባል፣ ያንቀጠቅጣል። በጥብጣችሁ ካስቀመጣችሁ ሲሪንጁ ላይ ጻፉበት። የሁለቱም ቀለም አንድ ነው፤ በዓይን አትለዩትም።

ሪንገር ላክቴት በሚባለው፣ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም አለ። ከሴፍትሪያክሶን ጋር ሲገናኝ ይረጋል። ስለዚህ በአንድ መስመር አታገናኟቸው። በአዋቂ ሰው መስመሩን በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) አጥቦ አንዱን ከሌላው በኋላ መስጠት ይቻላል። 28 ቀንና ከዚያ በታች የሆነ ጨቅላ ግን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር እየወሰደ ከሆነ ወይም የሚወስድ ከሆነ ሴፍትሪያክሶን አይሰጠውም። በሌላ መስመርም፣ በሌላ ሰዓትም አይሆንም። ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ውስጥ እየረጋ የሞቱ ጨቅላዎች አሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጨቅላም አይሰጠውም። ይህን በቃላችሁ ያዙት። ለጨቅላ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ።

ከመርፌው በኋላ ያለውን ነገር የተማርኩት ክፉ ቀን ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነበር። የት ቦታ እንደሆነ ይቅር። አንድ ወጣት ወጋሁና ወደ ቀጣዩ አልጋ ዞርኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «ሲስተር፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ» አለኝ። ከንፈሩ ዓይኔ እያየ አበጠ። እንዲህ ያለውን አለርጂ የሚያክመውን አድሬናሊን ለማምጣት ሮጥኩ። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉ ምሳ የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ባልደረባችን መሳቢያውን በመቀስ ፈልቅቆ ከፈተው። ግማሽ ሚሊ ግራም፣ በጭኑ ውጨኛ ጎን፣ ጡንቻው ውስጥ። ልጁ ተረፈ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እህል አልወረደልኝም። ሳልጠይቀው ነበር የወጋሁት። ከዚያ ወዲህ አድሬናሊን ከመርፌው ጋር አብሮ ትሪዬ ላይ ካልተቀመጠ አልወጋም። ከወጋሁም በኋላ ታማሚው ዓይኔ ሥር ነው የሚቆየው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ታላቅ እህት ልንገራችሁ። ማጅራት ገትር ለያዘው አዋቂ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። በብዙ ካርድ ላይ ግን ለሳንባ ምችም በቀን ሁለቴ ተጽፎ አያለሁ። ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ነርስም መጠየቅ ትችላለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደግሞ ካርዱ እንደገና ይታይ። ትኩሳቱ ከወረደ፣ መብላት ከጀመረ፣ ወደሚዋጥ መድኃኒት ይዞር ይሆናል። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) በወጣ ቁጥር ኢንፌክሽን የሚገባበት አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው። ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ በቀላሉ አትለፉት። አንቲባዮቲኩ ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ፓኪስታን ውስጥ፣ ሲንድ በሚባል ግዛት፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴፍትሪያክሶንን የለመደ የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) ተሠራጭቷል። እዚያ ያለ ሐኪም ይህቺን ብልቃጥ ቢያነሳ ለእንዲህ ያለው ታማሚ አትሠራለትም። የቀሩት ምርጫዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ውድ ናቸው። በመላው ዓለም በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች 1.27 ሚሊዮን የሚገመት ሰው ገድለዋል። እኛ አገር ደግሞ በአንዲት ጠብታ ደም «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ የሚወጋው ሰው ብዛት ያስፈራኛል። ለተስቦ የሚደረገው የቪዳል የደም ምርመራ አንዴ ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ተስቦ መሆኑ አይረጋገጥም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ልጁን ጠርቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሹራቡን ገልጬ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። 28። በእሱ ዕድሜ 40 ቢደርስ ነበር የምሰጋው። ደረቱ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ይጠጣል፣ ይጫወታል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይዛው እንድትሄድ ነገርኳት። «ገንዘቤስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መድኃኒት ቤቱ አልመልስም አላት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደህና ሆነ። እሷም ፌስታሉን አምጥታ «አንቺው ጋ ይቀመጥ» አለችኝ።

ይህቺ እጄ ላይ ያለችው ብልቃጥ ከእነዚያ ከሦስቱ አንዷ ናት። ጊዜዋ አልፏል፣ ክዳኗ ግን አልተነሳም።