በውድድር መኪና የፊት ክንፍ ላይ የሚፈሰውን አየር ስለ ማስላት፦ በባሕር ዳር ለምሕንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በጎጃም ምድር የፎርሙላ ዋን መኪና እንደማይሮጥ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚያ መኪና የፊት ክንፍ ላይ የሚፈሰውን አየር በኮምፒውተር ለማስላት የሚያስፈልገው ፊዚክስ በእጃችሁ ነው፤ ኦፕንፎም የተባለው ሶፍትዌርም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል።

ይህ ክንፍ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው አየር ሲፈጥን ግፊቱ ስለሚቀንስ መኪናው ወደ መሬት ይጫናል። ክንፉ በአንድ ወፍራም አካል ፈንታ ከዋናው ክንፍና ከኋላው ከተደረደሩ ፍላፖች (ትንንሽ ክንፎች) የሚሠራበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። በመካከላቸው ባለው ክፍተት የሚያልፈው አየር፣ በገጹ ላይ ተጣብቆ ለሚዘገየው አየር ጉልበት ይሰጠዋል ይባላል። የኤሮዳይናሚክስ ሊቁ ኤ. ኤም. ኦ. ስሚዝ በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ግን እያንዳንዱ አካል የራሱን አዲስና ቀጭን ባውንደሪ ሌየር (በገጹ ላይ ተጣብቆ የሚዘገየውን የአየር ሽፋን) ይጀምራል፤ ፍላፑም በዋናው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን አየር ስለሚያፈጥነው፣ ፍሰቱ ገና በፍጥነት ላይ እያለ ከክንፉ ይወጣል፤ በገጹ ላይ ሳለ ብዙ መዘግየት ስለማይኖርበትም ከገጹ በቀላሉ አይላቀቅም።

እንግዲህ ሜሽ፣ ማለትም አየሩ የሚሰላበትን ቦታ በትንንሽ ሴሎች የሚከፋፍለውን መረብ፣ ስትሠሩ ሴሎቻችሁን ከሁሉ በፊት በክፍተቱና በኋላ ጠርዙ ዙሪያ አብዙ። ተመራማሪው ሜንተር በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የኬ ኦሜጋ ኤስኤስቲ ሞዴል (የአየሩን ሁከት የማስሊያ ዘዴ) ይዛችሁ እስከ ገጹ ድረስ የምታሰሉ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሴል ዋይ ፕላስ (ከገጹ ያለውን ርቀት የሚገልጽ አሃድ የሌለው ቁጥር) ወደ 1 መጠጋት አለበት። መሬቱን ደግሞ በአየሩ ፍጥነት አንቀሳቅሱት፤ ቆሞ ከቀረ በእውነተኛው መንገድ ላይ የሌለ ባውንደሪ ሌየር ይበቅልበትና ከክንፉ ሥር ያለውን ፍሰት ያበላሸዋል። ጎማዎቹም ይዙሩ። ከዚያ ሜሹን አጥብባችሁ ድገሙት፤ ውጤቱ ከተለወጠ፣ በቀለማት ያሸበረቀው ሥዕል ገና ለመታየት አልደረሰም።

አንድ የአገራችን ጉዳይ ልጨምር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 1 ኪሎግራም ያህል ነው፤ በሶፍትዌሮች ዘንድ የተለመደው 1.225 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ክንፉ የሚያስገኘው ጭነት እዚህ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነችው በሜክሲኮ ሲቲም ቡድኖች ትልልቅ ክንፎቻቸውን ገጥመው አነስተኛ ጭነት የሚያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስሌታችሁን ከሌሎች ውጤት ጋር ስታነጻጽሩ በኒውተን የተለካውን ኃይል ትታችሁ ኮኤፊሸንቱን፣ ማለትም ከአየሩ እፍግታ፣ ከፍጥነቱና ከክንፉ ስፋት ተጽዕኖ የጸዳውን የኃይል መለኪያ ቁጥር፣ አነጻጽሩ።