የሮም ሳንቲም፦ ብሩ የት ገባ?

[ምስል፦ ሁለት የሮም ሳንቲሞች ጎን ለጎን]

በግራ ያለው ዲናርየስ የተባለው የሮም የብር ሳንቲም በንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ዘመን የተመታ ነው፤ ወደ 4 ግራም ይመዝናል፣ ጥሩ ብር ነው። በቀኝ ያለው የወጣው እ.ኤ.አ. በ260ዎቹ መጨረሻ ነው። ላዩ ያብለጨልጫል። ጠርዙ የተፋቀበትን ቦታ ግን እዩት፦ ቀይ መዳብ ነው። ብሩ ስስ ልባስ ሆኖ ቀርቷል፤ ከጠቅላላው 5 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

መነሻው የበጀት ጉድለት ነው። ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 ከአንድ የሮም ፓውንድ ብር 84 ሳንቲም መውጣቱ ቀርቶ 96 እንዲወጣ አደረገ፤ መዳብም ጨመረበት። ከአንዱ ሳንቲም የጎደለው ግማሽ ግራም ገደማ ነው፣ መዳፍ ላይ አይታወቅም። ግምጃ ቤቱ ግን ግብር ሳይጨምር ከየፓውንዱ 12 ሳንቲም አተረፈ። እንዲህ ያለ ብልሃት አንዴ ከቀመሱት አይለቅም። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የወታደሩን ደመወዝ ከፍ ሲያደርግ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር ወደ ግማሽ ወረደ።

[ምስል፦ በማሰሮ የተቀበሩ ሳንቲሞች]

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ሞኝ አይደለም፤ ጥሩውን ሳንቲም ቀብሮ በመጥፎው ግብር ይከፍላል። መንግሥት ያረከሰው ገንዘብ ዞሮ እጁ ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ሠራዊቱን የሚቀልበው እህልና ልብስ በዓይነት እየሰበሰበ ሆነ። (ሮምን ሳንቲም ብቻውን ጣላት አንልም፤ ወረርሽኙም የእርስ በርስ ጦርነቱም ነበሩ።)

ዛሬ ሳንቲም የሚያቀልጥ የለም፤ አንዳንድ መንግሥታት ግን ጉድለቱን የሚሞሉት ከማዕከላዊ ባንክ በመበደር፣ ማለትም በአዲስ ገንዘብ ነው። ወጥመዱ ግን ያው ነው። ዛሬ የተወሰነ 150 ግብር ከዓመት በኋላ ሲከፈል፣ በመሀል ዋጋ በ50 ከመቶ ከናረ፣ የሚገዛው የዛሬውን 100 ያህል ነው። ሲሶው በነነ። ስለዚህ የብድሩን ጣሪያ በሕግ መወሰን፣ ግብሩን በየወሩ መሰብሰብ፣ የዘገየውን ዕዳ በንረቱ ልክ ማሳደግ ይቀድማል።

ዋጋ መተመንስ? ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. በ301 ከ1,000 በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ተላላፊው በሞት ይቀጣል አለ። የዘመኑ ክርስቲያን ጸሐፊ ላክታንቲየስ ዕቃው ከገበያ ጠፋ ብሎ ጽፏል። ሰውዬው የንጉሡ ጠላት ስለነበር ሳያጋንን አይቀርም። ግን ዚምባብዌም እ.ኤ.አ. በ2007 ዋጋ በግማሽ ይውረድ ስትል የሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ ቀርተዋል።

[ምስል፦ የወርቅ ሶሊደስ]

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ከአንድ ፓውንድ ወርቅ ሶሊደስ የተባሉ 72 ሳንቲሞች አስመታ፤ ይዘቱ እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ብዙም አልተነካም። ይህን ሲያወድሱ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ወርቁ የባለሥልጣኑና የባለጸጋው ነበር። ተራው ሰው የሚገበያይበት የመዳብ ሳንቲም በ4ኛው ክፍለ ዘመንም መርከሱን ቀጠለ።