ዳሽ ካማችሁ እየቀረጸች ነው ወይስ መብራቷ ብቻ ነው የሚበራው?

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ዳሽ ካም ነው። ያቺ የፊት መስታወት ላይ ተለጥፋ መንገዱን የምትቀርጸው ካሜራ፣ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ እሱን አላብራራም። ሰው መጥቶ ይገጫችኋል፣ እናንተ ተረጋግታችሁ "ችግር የለም ካሜራ አለኝ" ትላላችሁ፣ ሜሞሪውን አውጥታችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የመጨረሻው ቪዲዮ ከሦስት ወር በፊት የተቀረጸ! ሦስት ወር! መብራቷ ግን በየቀኑ ስትበራ ነበር እኮ።

መበላሸቷ አይደለም የሚያናድደው፣ የማይበላሽ እቃ የለም። ሳትናገር መበላሸቷ ነው። ሳትናገር!

ቆይ፣ ይሄን በዘበኛ ላስረዳችሁ። የዘበኛውን ነገር በጣም ስለምወደው ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ ዘበኛ ቀጠራችሁ እንበል። በር ላይ ይቀመጣል፣ የገባውን የወጣውን ይጽፋል። የሰጣችሁት ግን አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ ብቻ ነው። ደብተሩ ሲሞላ ምን ያደርጋል? ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለስና በላጲስ አጥፍቶ እዛው ላይ ይጽፋል። እንደገና ሲሞላ እንደገና ይመለሳል፣ ያጠፋል ይጽፋል፣ ያጠፋል ይጽፋል። ወረቀት ደግሞ ላጲስ ሲበዛበት ይሳሳል፣ ከዛ ይቀደዳል። ጎበዝ ዘበኛ ቢሆን መጥቶ "ጌታዬ ደብተሩ አልቋል፣ ሌላ ይግዙልኝ" ይላችኋል። ይሄኛው ግን የተቀደደው ወረቀት ላይ እርሳሱን እያንቀሳቀሰ ቁጭ ይላል። ስትገቡ ብድግ ብሎ ሰላም ይላችኋል፣ ስትወጡ ሰላም ይላችኋል፣ ፋኖሱም በርቷል። ሌባ የገባ ቀን "እስቲ ደብተሩን አምጣው" ስትሉት ነው ጉዱ የሚወጣው። አያችሁ? ዘበኛው አልተኛም እኮ! ሥራ ላይ ነው! ደብተሩ ነው ያለቀው።

ደብተሩ ሜሞሪ ካርዱ ነው። አሁን ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ዳሽ ካም ቪዲዮውን በ1፣ በ3 ወይም በ5 ደቂቃ እየቆራረጠች ታስቀምጣለች፣ ካርዱ ሲሞላ የድሮውን ታጠፋለች። በሰከንድ 30 ሜጋቢት የምትቀርጽ ከሆነ በሰዓት 13.5 ጊጋባይት ነው፣ ስለዚህ 128 ጊጋባይት ካርድ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነዳችሁ ማለት አንዴ ዞረ ማለት ነው። አሁን በብዛት የሚሸጠው ቲኤልሲ የሚባለው የሜሞሪ ዓይነት ደግሞ እያንዳንዱ ሴል፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥባት ትንሿ ክፍል፣ የሚችለው የመጻፍና የማጥፋት ብዛት ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ነው። አለቀ፣ ቴክኒኩ ይሄው ነው።

"እኔ ግን ቪ30 የሚል ፈጣን ካርድ ነው የገዛሁት" የምትሉ አላችሁ። ቪ30 ማለት በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት መጻፍ ይችላል ማለት ነው፣ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም። የምትፈልጉት "ሃይ ኢንዱራንስ" የሚለውን ነው፣ እሱ ላይ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሚችል ይጻፋል። ተራ ካርዶች ላይ ደግሞ የዋስትና ወረቀቱን ብታነቡት ብዙዎቹ ዳሽ ካም ውስጥ ከተጠቀማችሁበት ዋስትናው አይሠራም ይላሉ። ማን ያነበዋል? ማንም።

እሺ ወደ ኩባንያዎቹ ልሄድ ነበር፣ ግን ያለፈው ቪዲዮ ኮሜንት ላይ አንድ ነገር በዝቶ ስላየሁ ሳላነሳው አላልፍም። "የኔዋ ውስጧ ባትሪ ስላለ ሞተር አጥፍቼ ስተኛም ሌሊቱን ሙሉ ትቀርጻለች።" አትቀርጽም! ወዳጆቼ አትቀርጽም። ውስጧ ያለችው ባትሪ ሥራዋ ኃይል ሲቋረጥ የመጨረሻውን ፋይል በሥርዓት ዘግታ እንድታስቀምጥ ነው። ባትሪ ያላት ጥቂት ደቂቃ፣ በባትሪ ፋንታ ኃይል ለአፍታ የሚይዝ ሱፐር ካፓሲተር ያላት ደግሞ ጥቂት ሴኮንድ፣ ከዛ ደህና እደሩ። መኪናው ቆሞ እንድትቀርጽ ከፈለጋችሁ ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር በሚገናኝ ገመድ ከመኪናው ባትሪ ነው የምትጠጣው፣ እሱም ባትሪው እንዳይሞት በተወሰነ ቮልት ላይ የሚቆርጥ መሆን አለበት፣ 12.2 ቮልት ማለት የተለመደው ሊድ አሲድ የመኪና ባትሪ ቻርጁ ግማሽ ገደማ ነው፣ ከዛ በታች አታውርዱት ጠዋት መኪናው እምቢ ይላችኋል። አንዱ ደግሞ "ማታ ማታ ባትቀርጽ ካሜራዋ ተበላሽታለች ብዬ ልመልሳት ነው" ብሏል። አትመልሳት! ጤነኛ ናት!

እና ስለ ባትሪ ካነሳን ሙቀት አለ። በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ተመራማሪዎች መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው ለክተው ነበር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ውስጥ አየር በአማካይ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ዳሽቦርዱ ደግሞ 69 ገባ። ሊቲየም ባትሪ እዚህ ውስጥ በየቀኑ ስታስቀምጡት ያብጣል፣ የካሜራዋን ሽፋን ሲሰነጥቅ ታዩታላችሁ። ሱፐር ካፓሲተር በጣም የተሻለ ይችላል፣ ስለዚህ ስትገዙ ሱፐር ካፓሲተር ያላትን ግዙ፣ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

አሁን ወደ ኩባንያዎቹ፣ ማለትም ዘበኛውን ወደላኩላችሁ ሰዎች። ገበያ ላይ ካሉት ስሞች ብዙዎቹ ስም ብቻ ናቸው። ከአንድ ፋብሪካ የወጣች አንድ ካሜራ በተለያየ ስም ትሸጣለች፣ ሻጩ ሶፍትዌሩን አልጻፈውም፣ ስለዚህ ስትበላሽ ሊያስተካክላት አይችልም። ለዚህ ነው መልሱ ሁልጊዜ አንድ የሆነው፦ "ካርዱን ፎርማት ያድርጉ።" አድርጌያለሁ። "ሪሴት ያድርጉ።" አድርጌያለሁ። "እባክዎ ካርዱን ፎርማት ያድርጉ።" ሰውዬ!

ይሄ የሚጎዳው የት ነው፣ ፈርምዌር ላይ ነው፣ ካሜራዋን ውስጧ ሆኖ የሚያሠራት ሶፍትዌር ማለት ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቀኑን ከሳተላይት የምታገኝበት ጂፒኤስ ሳምንት ሲቆጥር 1,024 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ የመጨረሻው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2019 ነበር። ሶፍትዌሩ ያልተዘጋጀበት መሣሪያ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ግጭታችሁ ላይ የዛሬ 20 ዓመት ቀን ተጽፎበት ለኢንሹራንስ ስታቀርቡ አስቡት እንግዲህ። ይሄን የሚያስተካክለው አዲስ ፈርምዌር ብቻ ነው፣ እሱን የሚያወጣ ሰው ከሌለ አለቀ። ቪዲዮውን በስልክ የምታዩበት አፑም እንደዛው፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣው የአይፎን ሶፍትዌር አይኦኤስ 11 የድሮ ባለ 32 ቢት አፖችን መክፈት አቆመ፣ አፑን ያላደሰ ኩባንያ ካሜራ ስክሪን ከሌላት ቪዲዮዋን ለማየት ካርዱን መንቀል ነው። በነገራችን ላይ የሌላ ሞዴል ፈርምዌር አውርዳችሁ እንዳትጭኑ፣ ዳግመኛ ላትነሳ ትችላለች።

ካርቶኑ ውስጥ "አምስት ኮከብ ስጡን፣ ዋስትና እናራዝማለን" የምትል ወረቀትም አለች። አማዞን በጥቅም የሚገኝ እንዲህ ያለ አስተያየትን ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ ከልክሏል፣ ወረቀቷ ግን አሁንም አለች። እኔ እንደዛ የሚያደርግ ኩባንያ አልገዛም፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ።

እንዴት እንምረጥ ለምትሉ፣ የኔ ዘዴ ይቺ ናት፦ ሳትገዙ ጥያቄ ላኩላቸው። ቀላል ጥያቄ ሳይሆን ትንሽ የሚያስቸግር፣ "የመጨረሻው ፈርምዌር መቼ ወጣ? ካርዱ መጻፍ ሲያቆም ካሜራዋ በድምፅ ትናገራለች?" ብላችሁ። ገንዘባችሁን ሳይቀበሉ ያልመለሱላችሁ ከተቀበሉ በኋላ ይመልሳሉ ብላችሁ አትጠብቁ። "ፎርማት ያድርጉ" ብለው ከመለሱላችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ስቄ ልሙት።

ገዝታችኋል፣ ተበላሽታለች? መጀመሪያ ሌላ ካርድ አስገቡና ከካሜራዋ ጋር በመጣው ቻርጀር ሞክሩ። ካልሆነ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ሁሉንም አንዴ ጻፉ፣ የሞዴሉን ስም፣ ሲሪያል ቁጥር፣ የፈርምዌር ቁጥር፣ የካርዱን ዓይነት፣ ችግሩ መቼ መቼ እንደሚመጣ፣ የተበላሸውንም ፋይል ራሱን አያይዙ፣ በስልክ የተቀረጸ የስክሪን ቪዲዮ አትላኩ። እንዲህ ሲሆን "ፎርማት ያድርጉ" የሚሉበት ቀዳዳ ይጠባል። ካሜራዋን መልሱልን ብለዋችሁ ስትልኩም ካርዱን አውጡ፣ ቤታችሁ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደምትወጡ ሁሉ እዛ ውስጥ አለ።

አሁን ቪዲዮውን አቁሙና መኪና ውስጥ ያለችውን ካሜራ ካርድ አውጥታችሁ የመጨረሻው ፋይል ቀን ስንት እንደሚል እዩ። የድሮ ከሆነ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ በሚቀጥለው አቅማቸውን የሚዋሹ ፎርጅድ ሜሞሪዎችን እንፈትናለን። ቻው።